ጋሪው ይቅደም ወይስ ሠርጉ?

ከደብረ ማርቆስ የጻፍክልኝ ባለጋሪ ወንድሜ፣ «ዘንጉን ከጋሪው የሚያያይዙት ብሎኖች አርጅተዋል፤ ለሠርጌ ባጠራቀምኩት ብር ልቀይራቸው ወይስ አስበይጄ ልለፈው?» ብለሃል። እኔን ከጠየቅከኝ ቀይር! ብሎን የሚበላው የሚታየው ራሱ አይደለም፤ እንጨት ውስጥ የተደበቀው ወገቡ ነው። የጎጃም ክረምት እርጥበቱን እዚያ አስቀምጦ ያዝገዋል። ብየዳ ደግሞ ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ የሳሳውን አያወፍርም።

መጀመሪያ ፈረሱን ፍታ፤ ዘንጉን ግንድ አስደግፍ። ዳዶውን ፈትተህ አንድ በአንድ ለውጥ። የግራውን ቀይረህ የቀኙን እንዳትተው፤ አብሮት ያረጀ ነውና ነገ ይከተለዋል። ጠፍሩንም አጥፈህ እየው፤ ከተሰነጠቀ ጣለው።

ቁልቁለት ላይ ዘንጉ ቢለቅ የሚወድቀው ተሳፋሪ ነው፤ ምናልባትም ሙሽራህ! ከድግሱ አንድ በግ ቢቀንስ ግን ሠርጉ ያው ሠርግ ነው።