ስለ ቴሌቪዥን መስኮት አመራረጥ

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ለረጅም ዘመን የገዥው ሰው ምርጫ እምብዛም የሚያስጨንቅ አልነበረም። ሣጥኑ አንድ ዓይነት ነበር፤ ፊቱ መስተዋት፣ ጀርባው እንደ በሬ ሻኛ ያበጠ፣ ትልቁ ደግሞ ሁለት ሰዎች ካልተጋገዙበት ከጠረጴዛው የማይነሣ ዕቃ ነበር። የሚጠየቀውም ጥያቄ መጠኑ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ፣ ኋላም ባለቀለም ነው ወይስ ጥቁርና ነጭ ከማለት አያልፍም ነበር። ዛሬ ግን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ አንድ ወጣት የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን ለመግዛት ወደ መርካቶ ሲወርድ ኤልሲዲ፣ ኤልኢዲ፣ ኪውሌድ፣ ኦሌድ፣ ሚኒ ኤልኢዲ የሚሉ ስሞች እንደ በረዶ ይወርዱበታል። ሻጩ ስሞቹን ሁሉ ያውቃል፤ የአንዱንና የሌላውን ልዩነት ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ «ይኸኛው አዲስ ነው» የሚል ነው። ወጣቱም የዕቁቡን ዕጣ ወይም የብዙ ወር ቁጠባውን አስረክቦ አዲስ የተባለውን ተሸክሞ ይወጣል።

ይህን አርእስት ለማንሣት ያበቃን ይኸው ነው። ለጀማሪ ሠራተኛ ቴሌቪዥን ቀላል ወጪ አይደለም፤ ከአልጋና ከምጣድ ጋር የሚፎካከር ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ስለ ስም ብቻ መክፈል ለእኛ ትክክል ሆኖ አልታየንም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው፣ ስሞቹ ብዙ ቢሆኑም ዛሬ ለቤት የሚሸጡት መስኮቶች በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ብቻ መሆናቸው ነው። አንደኛው ከበስተጀርባው በተተከለ መብራት የሚያበራ፣ ሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራ ነው። የቀረው ስም ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ሥር የሚገባ ነው። ሌሎቹ ከገበያ ወጥተዋል። ባለሻኛው ሣጥን የኤሌክትሮን ጨረር ወደ ፊት እየወረወረ ፎስፎር የተቀባውን መስተዋት የሚያበራ ነበር፤ ዕድሜውን ጨርሶ አልፏል። በጥቃቅን ክፍሎች የታመቀ ጋዝ እያበራ ይሠራ የነበረው ፕላዝማም በጥቁሩ ጥልቀት የሚመሰገን መልካም ዕቃ ቢሆንም ክብደቱና የኤሌክትሪክ ፍጆታው ጎዳው፤ ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ ሳምሰንግና ኤልጂም በ2014 መሥራቱን ተዉት። ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ተራ ፕላዝማ በርካሽ ቢገኝ፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ሳይጠይቁ ገንዘብ መቁጠር አይገባም።

አሁን ወደ አንደኛው ዓይነት እንግባ። ኤልሲዲ ማለት የፈሳሽ ክሪስታል መስኮት ማለት ነው። ከበስተጀርባው ነጭ ብርሃን ይበራል፤ ከብርሃኑ ፊት እንደ ጥቃቅን በሮች የተሰለፉ ክሪስታሎች አሉ። የኤሌክትሪኩ ኀይል ሲለዋወጥ ክሪስታሎቹ አቀማመጣቸውን እየለወጡ ብርሃኑን ያሳልፉታል ወይም ያግዱታል፤ በእያንዳንዱም በር ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ስላለ ቀለም ይወጣል። እንግዲህ ጥቁር ሲፈለግ መብራቱ አይጠፋም፤ በሩ ይዘጋል እንጂ። በሩ ቢዘጋም ጥቂት ብርሃን ማሾለኩ አይቀርም። ይህንንም ማታ የክፍሉን መብራት አጥፍቶ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጨለማ መሆን የነበረበት ሰማይ ዐመድ መስሎ ይታያል።

በዚህ ላይ የስሙ ጣጣ ይመጣል። «ይህ ኤልኢዲ ነው እንጂ ኤልሲዲ አይደለም» የሚል ሻጭ በየመደብሩ ይገኛል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቀድሞ የኤልሲዲው የጀርባ ብርሃን እንደ ቢሮ መብራት ያለ ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነበር፤ ኋላ በቱቦው ፈንታ ኤልኢዲ የተባሉ ጥቃቅን አምፖሎች ገቡ። ከእ.ኤ.አ. 2009 ወዲህ እንዲህ ያሉት ቴሌቪዥኖች «ኤልኢዲ ቴሌቪዥን» እየተባሉ በሰፊው ይሸጡ ጀመር። አምፖሉ ተለወጠ እንጂ በሮቹ እነዚያው ናቸው። እርግጥ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ቀጠነ፣ የሚበላውም ኤሌክትሪክ ቀነሰ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የቤቱን አምፖል የለወጠ ሰው አዲስ ቤት ሠራሁ አይልም።

ኪውሌድ የተባለውም ከዚሁ ቤት የመጣ ነው። በጀርባው ብርሃንና በክሪስታሎቹ መካከል ኳንተም ዶት የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ያሉበት ስስ ሉሕ ይጨመርበታል፤ ቅንጣቶቹም ሰማያዊውን ብርሃን ተቀብለው ጥርት ያለ ቀይና አረንጓዴ ያወጣሉ። የእነዚህ ቅንጣቶች ምርምር ባዌንዲን፣ ብሩስንና ኤኪሞቭን እ.ኤ.አ. በ2023 ለኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያበቃ ስለሆነ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ቀለሙም በእውነት ይደምቃል። ዳሩ ግን ጥቁሩ ያው የኤልሲዲ ጥቁር ነው። ኪውሌድና ኦሌድ በላቲን ፊደል ሲጻፉ የመጀመሪያ ፊደላቸው የሚለየው በአንዲት ጅራት ነው፤ ታስቦ ይሁን ሳይታሰብ ባናውቅም፣ ያቺ ጅራት ብዙ ገዥ አሳስታለች።

ሚኒ ኤልኢዲ ሲባል ደግሞ የጀርባዎቹ አምፖሎች አንሰውና በዝተው በብዙ ክፍል ተከፋፍለዋል ማለት ነው። ምስሉ ጨለማ በሆነበት ቦታ የዚያ ክፍል መብራት ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ከኤልሲዲ ወገን ለጥቁሩ የተሻለው መድኃኒት ይኸ ነው፤ ሆኖም በጨለማ ምስል ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲወጣ በጽሑፉ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ሊታይ ይችላል። ክፍሎቹ በበዙ መጠን ጭጋጉ ይቀንሳል፤ ዋጋውም በዚያው መጠን ይወጣል።

ሁለተኛው ዓይነት ኦሌድ ነው። ሥሩ እሩቅ ነው፤ ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ የተባሉ የኮዳክ ተመራማሪዎች ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚበራውን ስስ የካርቦን ውሕድ ሥራቸውን በጽሑፍ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1987 ነበር። ከዚያ አንሥቶ ሶኒ 11 ኢንች የሆነ ቴሌቪዥን ለገበያ እስኪያቀርብ 20 ዓመት ፈጀ፤ ለሳሎን የሚበቃው 55 ኢንች ደግሞ በ2013 መጣ። በዚህ መስኮት ላይ የጀርባ መብራት የለም። ጥቁር ሲፈለግ ነጥቡ ራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቁሩ በእውነት ጥቁር ነው። ከጎን ሆነው ቢያዩትም መልኩ እምብዛም አይለወጥም። በጨለማ ክፍል ውስጥ ከዚህ የተሻለ ምስል ለቤት የሚያወጣ መስኮት አለ ብለን አንከራከርም።

«ኦሌድ ያላየ ቴሌቪዥን አላየም» የሚሉ ወዳጆቻችን በዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛ ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ የወጣቱ ቤት ምን ይመስላል? ብዙዎቻችን የምንኖረው በኪራይ ቤት ወይም በኮንዶሚኒየም ነው። ግድግዳው ነጭ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ መጋረጃው ስስ ነው። ቀን በቀን ብርሃን፣ ማታም በጣራው አምፖል ሥር ነው የምናየው። የክፍሉ ብርሃን በመስተዋቱ ላይ ሲያርፍ ያ በውድ የተገዛው ጥቁር ከኤልሲዲው ጥቁር ጋር ይቀራረባል፤ ለድምቀት ደግሞ ጥሩ የኤልሲዲ መስኮት ብዙ ጊዜ ብልጫ አለው።

ከዚህም ሌላ የኦሌድ ነጥቦች ሲሠሩ ያረጃሉ፤ ሰማያዊው ከሁሉ ቀድሞ ይደክማል። አንድ የማይንቀሳቀስ ምስል ለብዙ ሺህ ሰዓት አንድ ቦታ ከቆመ የዚያ ቦታ ነጥቦች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ያረጁና ጥላው ታትሞ ይቀራል። ሠሪዎቹ ምስሉን በጥቂቱ እያንቀሳቀሱና የቆመውን ምልክት እያደበዘዙ አደጋውን ቀንሰውታል እንጂ አላጠፉትም። እስቲ የአገራችንን ቤት እናስበው። ቴሌቪዥኑ ከጧት እስከ ማታ በአንድ ጣቢያ ላይ ክፍት ነው፤ በጥግ የጣቢያው ምልክት፣ በሥር የሚሮጠው የዜና መስመር ከነቀይ መደቡ አለ። ሰው ባያየውም ለቤቱ ሞቅታ ተብሎ ይበራል። እንዲህ ላለው ቤት፣ ይልቁንም ለቡና ቤትና ለመሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ፣ ኦሌድ መግዛት የድግስ ሸማ ለብሶ ወፍጮ ቤት እንደ መሄድ ነው። በአንጻሩ ብቻውን የሚኖር፣ ሌሊት መብራት አጥፍቶ ፊልም የሚያይ፣ ካየም በኋላ የሚዘጋ ሰው አቅሙ ከፈቀደ ይግዛው፤ ገንዘቡ በከንቱ አይሄድም።

ከኤልሲዲዎቹ መካከል ደግሞ በካርቶን ላይ እምብዛም የማይጻፍ፣ ነገር ግን ከጮሌው ስም ሁሉ ይልቅ ለቤታችን የሚጠቅም ልዩነት አለ። የክሪስታሎቹ አደራደር ሁለት ዋና ዋና ወገን አለው፤ ቪኤ እና አይፒኤስ ይባላሉ። ቪኤ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ጥቁሩ ጠለቅ ያለ ነው፤ የነጩና የጥቁሩ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከ3000 ለ1 በላይ ሲሆን፣ የአይፒኤስ ግን ወደ 1000 ለ1 ገደማ ነው። ከጎን ሲታይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቪኤው ይገረጣል፣ አይፒኤሱ መልኩን ይይዛል። የእኛ ሳሎን ሶፋው ግድግዳውን ተከትሎ ሦስቱን ማዕዘን የሚዞር ነው፤ ቡናም ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ በበርጩማ የተቀመጠችው እኅት ወደ ላይ አንጋጣ ነው የምታየው። ቴሌቪዥኑን ከጣራ ሥር የመስቀል ልማድ ሲጨመርበት ፊት ለፊት የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ብዙ፣ እንግዳው የማይጠፋ ቤት አይፒኤስን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ብቻውን ከአልጋው ፊት ለፊት የሚያይ ተማሪ ግን ቪኤን። ሻጩ ስሙን ባያውቀው አያስቸግርም። ገዥው ራሱ ወደ ጎን ሦስት እርምጃ ይራመድ፣ ቀጥሎም ቁጢጥ ይበል፤ የሰው ፊት ከገረጣበት ያወቀው ማለት ነው።

በመደብር ውስጥ ለሚታየው ምስል ግን ብዙ እምነት መጣል አይገባም። የሚያሳዩት የአበባና የዐሣ ፊልም ዐይን እንዲማርክ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ድምቀቱም ለመደብር መብራት እንዲመጥን እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። የዜና ስርጭት ወይም የእግር ኳስ ጨዋታ እንዲከፈት፣ ወይም በኪስ በተያዘ ፍላሽ ያለ የታወቀ ፊልም እንዲታይ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እምቢ የሚል ሻጭ ቢኖር ጎረቤቱ መደብር ክፍት ነው።

ስለ ነጥብ ብዛት የሚነገረውም ልክ ይፈልጋል። ጤነኛ ዐይን ለይቶ የሚያየው የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ እጅ ያህል ነው። 55 ኢንች የሆነ መስኮት ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በወርዱ 1920 ነጥብ ካለው አንዱ ነጥብ 0.63 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከ2 ሜትር ከ20 በላይ ርቆ የተቀመጠ ሰው ነጥቡን ከነጥብ አይለየውም። ለ43 ኢንች ይህ ርቀት ወደ 1 ሜትር ከ70 ይወርዳል። እንግዲህ 3840 ነጥብ ያለው 4ኬ የሚጠቅመው ለሚቀርብ ሰው ነው፤ ዛሬ ትልልቆቹ ቴሌቪዥኖች አብዛኛዎቹ 4ኬ ስለሆኑ አይጠላም፤ ለ8ኬ ብሎ መጨመር ግን ለቤታችን ትርፍ የለውም። ከዲሽ የሚመጣው መደበኛ ስርጭት 720 በ576 ነጥብ ብቻ ነው፤ ይህ በ65 ኢንች ላይ ሲለጠጥ እንደ ታጠበ ሹራብ ነው የሚሆነው። መስኮቱ በሰፋ ቁጥር የስርጭቱ ጉድለት ይጎላል እንጂ አይሸፈንም።

በመሆኑም ለአብዛኞቹ አንባቢዎቻችን የምንመክረው ከ43 እስከ 55 ኢንች የሆነ፣ አምፖሎቹ በጠርዝ ሳይሆን በጀርባው ሙሉ የተተከሉለት፣ ደኅና ተራ ኤልሲዲ ነው። ከኦሌዱ ዋጋ በሚተርፈው ገንዘብ ስታቢላይዘር ይገዛ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ግፊት የመስኮቱን ዓይነት አይመርጥም።

ዘመድ ከውጭ አገር ለሚልክለት ሰውም አንድ ነገር አለን። ከዐረብ አገሮች የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከእኛ 220 ቮልት ጋር ይስማማል። ከአሜሪካ የሚመጣው ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሰካቱ በፊት በጀርባው ያለው ጽሑፍ ይነበብ፤ 100–240 የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል። የአንቴና መቀበያውም በአሜሪካ ደንብ የተሠራ ስለሆነ የእኛን የምድር ስርጭት አይቀበልም፤ ከዲሽ ሪሲቨር ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲያያዝ ግን ይሠራል።

ከመደብር የሚገዛም ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ካርቶኑ ተከፍቶ ዕቃው ይሰካለት፤ አንድ ጊዜ ሙሉ ነጭ፣ አንድ ጊዜ ሙሉ ጥቁር ምስል ይታይና ስንጥቅና የሞተ ነጥብ አለመኖሩን ይመልከት። ወደ ቤት ሲወሰድም ቆሞ ይጓዝ፤ በታክሲ ጣራ ላይ ተጋድሞ የሄደ ሰፊ መስኮት በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሻጩም ከበሩ ለወጣ ስንጥቅ አይጠየቅም።