ሞተር ከመግዛታችን በፊት ባቡሩን እንፍታው

ዛሬ አስተያየቴን የምሰጠው የሳይንስ ክበብ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ስላለው የሌጎ ባቡር ነው።

ባቡሩ ሲበራ ትንሽ ይሄድና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሞተሩ ግን እያጉረመረመ ነው። በዚህ ምክንያት «ሞተሩ ስለተበላሸ አባላት ባዋጣነው ብር አዲስ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የሚወሰነው በዓርቡ ስብሰባ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚያጉረመርም ሞተር ብዙ ጊዜ አልሞተም፤ ሊያዞር ሲል የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። የያዘውን ነገር ሳናስለቅቅ አዲስ ሞተር ብንገጥም አዲሱም ይቆማል፣ ብራችንም ያልቃል። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባል የለ?

ደግሞ ሲቆም ዝም ብሎ ማብራት ይቅር። የተያዘ ሞተር ኤሌክትሪክ እየገባበት ከቆየ ይግላል፣ ድንጋዩንም ቶሎ ይጨርሳል። ያኔ በእውነት ሊቃጠል ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጋራዥ የሚሠራው አጎቴ መጀመሪያ የሚያየው ቀላሉንና ብር የማያስወጣውን ነው። እኛም እንደዚያ እናድርግ።

አንደኛ፣ ባቡሩን ከሃዲዱ አንስተን እናብራው። ጎማው አየር ላይ በደንብ ከዞረ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ችግሩ ሃዲዱ ላይ፣ ኩርባው ላይ ወይም ፉርጎዎቹ ላይ ነው ማለት ነው። ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ በጣት ገፋ ገፋ እናድርጋቸው። ቶሎ የሚቆመው ፉርጎ አክስሉ ላይ ፀጉር ወይም ክር ተጠምጥሞበት ይሆናል፤ በወረንጦ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ አየር ላይም ካልዞረ ስድስቱንም ድንጋይ በአንዴ እንቀይር። አሮጌና አዲስ መቀላቀል አይሆንም።

ሦስተኛ፣ አሁንም ከያዘ ሞተሩን ነቅለን ለብቻው እናብራው። ለብቻው ከዞረ ተገላገልን፤ የያዘው ሌላ ክፍል ነው። ከዚያ ጎማውን በእጅ ቀስ እያልን እናዙርና የት ጋ እንደሚከብድ እንይ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ጎማዎቹን በጎን የሚያያይዙትን ክንዶች ነው። የሌጎ አክስል የመደመር ምልክት ቅርጽ ስላለው ጎማው በአራት አቅጣጫ ሊገባ ይችላል። በአንድ ጎን ባሉት ጎማዎች ላይ ክንዱ የሚታሰርበት ቦታ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ካልሆነ፣ ክንዱ አንዱን ሲስብ ሌላውን ይይዘዋል። ዙሩን ሙሉ የሚከብድ ከሆነ ግን የአክስሉ መያዣ ቀለበት በጣም ተጠግቶ ሰበቃ ፈጥሮ ይሆናል። ወረቀት የምታስገባ ክፍተት ትበቃዋለች። ዘይት ግን አንቀባ፤ አቧራ ይሰበስብና ይብስበታል።

አንዳንዶች «ተማሪ ከፈታው ዕቃው ይጠፋል» ይላሉ። እርግጥ የሌጎ ዕቃ ትንንሽ ነው። መፍትሔው ግን መቆለፍ አይደለም። ትሪ ላይ ይፈታ፤ አንዱ ሲፈታ ሌላው የነበረበትን ቦታ ደብተር ላይ ይሳል፤ ሲያልቅ ተቆጥሮ ይመለስ። የ5ኛ ክፍል ልጆችም መጥተው ይዩ፣ ነገ ክበቡን የሚረከቡት እነሱ ናቸው።

ደግሞስ እኛ የድሬዳዋ ልጆች አይደለንም እንዴ? ባቡር እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማችንም የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። እዚሁ በባቡር ጋራዡ ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት ትልቁን ባቡር እየፈቱ ሲጠግኑ ኖረዋል። የድሬ ልጅ ትንሿን የፕላስቲክ ባቡር መፍታት ፈርቶ ቢቆልፍባት አያምርም።

ስለዚህ ክበቡን የሚመሩት መምህራችን ከስብሰባው በፊት አንድ ከሰዓት እንዲፈቅዱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፈትተን አይተን ሞተሩ የእውነት ሞቶ ከተገኘ፣ «ይገዛ» ብዬ መጀመሪያ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ።



ከ7ኛ «ለ» ክፍል