ሲስተሙ መውደቁን ማን ቀድሞ ሰማ?

«ሲስተም የለም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ባንክ ትባላለች፣ ክፍለ ከተማ ትባላለች፣ ቲኬት መቁረጫው ጋ ትባላለች። የምትነገርበት ድምፅ ራሱ «ዛሬ ዝናብ ነው» እንደማለት ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ምን ታድርግ? እሷም የሰማችው ፊቷ ካለው ኮምፒውተር ነው። የተሰለፈውም ሰው አይጠይቅም። ዝናብን ማን ይከሳል? የቻለ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ያልቻለ ነገ ይመለሳል።

በዚህች ጽሑፍ ከብልሽቱ ጋር አልጣላም። ብልሽት ያለ ነው። ራውተር ይሞቃል፣ ኬብል በቁፋሮ ይቆረጣል፣ ስዊች ያረጃል፣ መብራት ይሄዳል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ መበላሸቱን መጀመሪያ ያወቀው ማነው? የተሰለፈው ሰው ከአይቲ ክፍሉ ቀድሞ ካወቀ፣ ጉዳዩ የመሣሪያ ብልሽት መሆኑ ቀርቶ የኃላፊዎች ጥፋት ሆኗል ባይ ነኝ።

ድሮ ሲስተም ሲጠፋ ቢያንስ ደብተርና ካሽ ነበር። አሁን መመለሻው እየጠበበ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ የተደረገው በሚያዝያ 2015 ነው። እንዲህ ባለ ከተማ አንድ የማትታይ ሳጥን ስትወድቅ የታክሲ ሾፌሩ የቀን ገቢ አብሮ ይወድቃል፤ ልጇን አዝላ ካርድ ልታወጣ የመጣች እናት ኮሪደር ላይ ትቀራለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ሳጥኗን እንዲጠብቅ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ገና አልሰማም። ሲሰማም ከቅርንጫፉ ተደውሎለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

«አለህ?» «አለሁ!»

ቀድሞ ማወቅ ምን ያህል ይከብዳል? ብዙም አይከብድም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ «ፒንግ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ሥራዋ ኔትወርክ ላይ ያለን መሣሪያ «አለህ?» ብሎ መጠየቅና «አለሁ» የሚለውን መልስ መጠበቅ ነው። በ1988 ደግሞ ኤስኤንኤምፒ የሚባለው ደንብ ወጣ። በእሱ አማካይነት ራውተሩን ሙቀትህ ስንት ነው፣ የትኛው ፖርትህ ወድቋል፣ ምን ያህል ትራፊክ እያሳለፍክ ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ናጊዮስ በ1999 በሌላ ስም፣ ዛቢክስ በ2001 ለሕዝብ ሲለቀቁ ይህንን ጥያቄ ሌት ተቀን እየጠየቁ መልስ ሲያጡ ኢሜይል የሚልኩ ፕሮግራሞች መጡ። ሁለቱንም ዛሬም በነፃ ማውረድ ይቻላል። ለመካከለኛ መሥሪያ ቤት ጥግ ላይ አቧራ የሚጠጣ አንድ ዴስክቶፕና ሊኑክስ ይበቃሉ። የቀረው የአንድ ጎበዝ ልጅ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

«ራውተራችን ሲበላሽ ራሱ መልእክት ይልካል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ይልካል። ግን ኤሌክትሪኩ የተቋረጠበት ራውተር ምን ይልካል? የሞተ ሰው የራሱን መርዶ አይናገርም። ለዚህ ነው ከውጭ ሆኖ በየደቂቃው «አለህ?» የሚል ሌላ ጠያቂ የሚያስፈልገው።

ስለዚህ «በጀት የለም» የሚለውን መልስ አልቀበልም። ለራውተሩ ሚሊዮን ብር የነበረው መሥሪያ ቤት፣ ራውተሩ መውደቁን ለሚናገር ነፃ ፕሮግራም በጀት አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ለእኔ ምክንያቱ ወዲህ ነው። ኢሜይል ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ የተቀባይ ስም አለው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ12 ላይ ተነግሮሃል፤ እስከ 7 ሰዓት የት ነበርክ?» ያስብላል። «ሲስተም የለም» ግን ባለቤት የላትም። ማንም አያያትም፣ ማንም አይፈርምባትም። ለብዙ አለቃ ጨለማው ይመቸዋል።

ላልተቀበለው ሰው የተላከ ኢሜይል

ፕሮግራሙን መትከል ብቻውን ግን አያድንም። ለማን እንደሚላክ ካልታወቀ የተተከለውም ከንቱ ነው። ኤኩዊፋክስን እንውሰድ፤ የአሜሪካውያንን የብድር ታሪክ የሚይዝ ግዙፍ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2017 በኩባንያው ውስጥ ከ400 ለሚበልጡ ሰዎች ኢሜይል ተላከ፤ አንድ ሶፍትዌር አደገኛ ቀዳዳ አለውና ቶሎ ድፈኑት የሚል። የአድራሻ ዝርዝሩ ግን አርጅቶ ነበር። ቀዳዳውን መድፈን ሥራቸው የሆኑት ሰዎች ኢሜይሉ አልደረሳቸውም። አራት መቶ ሰው ሰማ፤ መስማት የነበረበት አልሰማም!

ከዚህም የባሰ አለ። የኩባንያውን ትራፊክ እንዲመረምር የተተከለ መሣሪያ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ አልፎበት 19 ወር ሙሉ ትራፊኩን ሳይመረምር ያሳልፍ ነበር። መሣሪያው ቦታው ላይ ነው፤ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል፣ ግን ተኝቷል። በጁላይ 29 ቀን 2017 ወረቀቱ ሲታደስ አጠራጣሪ ትራፊክ ወዲያው ታየ። ሌቦቹ ከግንቦት ጀምረው 76 ቀን ሲቀዱ ከርመዋል። የ148 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወጥቷል።

የምስክር ወረቀት የሚያበቃበት ቀን ከተሰጠበት ዕለት ጀምሮ ይታወቃል። ከወር በፊት «ሊያልፍብህ ነው» የሚል አንድ ኢሜይል፣ ለአንድ ስሙ ለታወቀ ሰው መላክ ምን ይከብድ ነበር? ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። መሣሪያውን «አለህ?» ብቻ ሳይሆን «ሥራህን እየሠራህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኢሜይሉም የሚላከው መልስ መስጠት ላለበት ሰው ነው። «ለሁሉም» የተላከ ለማንም አልተላከም።

ከእድር እንማር

ይህን ለመማር አሜሪካ መሄድ አያስፈልገንም። የሰፈር እድር ያውቀዋል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ገና ሳይነጋ ይነሳል፣ ይነፋል፣ እገሌ ቤት ሐዘን መሆኑን ይናገራል። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያወጣው ማን እንደሆነ ተመድቧል። የቀረ ሰው ይቀጣል። እዚህ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፦ የታወቀ ነጋሪ፣ የታወቀ ቦታ፣ የታወቀ ተቀባይ፣ ለቀረ ሰው የታወቀ ቅጣት። ብዙ መሥሪያ ቤት ጡሩምባው ራሱ የለውም። ያለውም በማንም በማይከፈት የኢሜይል ሳጥን ውስጥ ይነፋል።

ሁለት ክርክሮች

የሙያው ሰዎች ሁለት ነገር ያነሳሉ፤ ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም።

አንደኛው «ኢሜይሉ ይበዛል፣ ሰው ይሰለቻል» የሚል ነው። ልክ ነው። በቀን ሁለት መቶ ኢሜይል የሚደርሰው ሰው ሁለት መቶ አንደኛውን አያነብም። ይህ ግን የአሠራር ችግር ነው፤ መፍትሔም አለው። አንዴ መልስ ስለጠፋ ብቻ አትጩህ፤ ሦስቴ ጠይቅ። ዋናው ስዊች ሲወድቅ ከሥሩ ላሉት ሃምሳ መሣሪያዎች ሃምሳ መርዶ አታሰማ፤ ማን ከማን በታች እንዳለ ለፕሮግራሙ ንገረውና አንዱን ብቻ ይንገርህ። ነገ የሚደርስ ነገር ሌሊት አይቀስቅስ። መሣሪያው ሲመለስም «ተመልሻለሁ» የሚል ይምጣ፣ ስንት ሰዓት ጠፍቶ እንደነበር እንዲታወቅ። አንድ ኢሜይል ደርሶ ምንም የሚሠራ ነገር ከሌለ፣ ያ ኢሜይል መጀመሪያውኑ መላክ አልነበረበትም።

ሁለተኛው «ኔትወርኩ ከወደቀ ኢሜይሉ በምን ይሄዳል?» የሚል ነው። ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው፤ ትላልቆቹም ወድቀውበታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 የካናዳው ቴሌኮም ሮጀርስ ኔትወርኩ ወደቀ፤ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ስልክና ኢንተርኔት አጡ። መነሻው ራውተሮቹ ላይ የተደረገ የማስተካከያ ስህተት ነበር። ጥፋቱን የሚመለከቱበት የውስጥ መስመር በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ባለሙያዎቹ መሣሪያዎቻቸው ጋ መድረስ አቃታቸው። ኪሳቸው ያለው ስልክም የሮጀርስ ነው። እርስ በርስ ለመነጋገር የሌሎች ኩባንያዎች ሲም ካርድ እስኪላክላቸው ድረስ ተቸገሩ። የጥፋቱን ምንጭ ለማግኘት 14 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው።

ስለዚህ ነጋሪው የራሱ መንገድ ይኑረው። የሞባይል ሲም የገባበት ትንሽ ሞደም ኤስኤምኤስ ይላክ። ዴስክቶፑና ሞደሙ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ መስመር ላይ ያለ ሁለተኛ ጠያቂ ደግሞ የመጀመሪያውን «አለህ?» ይበለው። ጠዋት ጠዋትም «ደህና ነኝ» የሚል አንድ ኢሜይል ይምጣ፤ ያ ኢሜይል የቀረ ዕለት ራሱ መቅረቱ መርዶ ነው። ዝምታን ሰላም ነው ብሎ የሚተረጉም ባለሙያ ሥራውን አያውቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አይቲ ክፍል የምትሠሩ እኩዮቼ፣ ደብዳቤ ጽፎ በጀት መጠበቁን ተዉትና ያችን ዴስክቶፕ ከጥግ አውጧት። አለቃችሁ ባይወደውም ኢሜይሉ ለማን እንደሚሄድ በጽሑፍ አስወስኑ፤ ሰውየው ሲለቅ ወይም ፈቃድ ሲወጣ ማን እንደሚተካውም ጭምር። በየሦስት ወሩ አንድ ኬብል ሆን ብላችሁ ንቀሉና ማን እንደሚደውልላችሁ ተመልከቱ። የደወለው ደንበኛ ከሆነ ሥራው አላለቀም።

እኛ ተሰላፊዎቹም ድርሻ አለን። እስከዛሬ «ሲስተም መቼ ይመጣል?» ስንል ኖረናል፤ ዝናብ መቼ ያባራል እንደማለት። ከእንግዲህ በትሕትና፣ ግን መስኮቱን ሳንለቅ ሌላ ጥያቄ እንጠይቅ፦ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የጠፋው? ለማንስ ተነገረ?» ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ መልሱን አታውቅ ይሆናል። ጥያቄው ግን በቀን መቶ ጊዜ ሲመጣባት ለአለቃዋ ታደርሰዋለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ መልስ ያለው ሰው መፈለጉ አይቀርም።