ግርድ ብለን የጣልነው

እኩዮቼ፣ የመንዝ ሽማግሎች፣ ልጆቹን ያልጠራሁት ጎተራውን የያዝነው እኛ ስለሆንን ነው። ጥፋቱም ከእኛ ይጀምራልና፣ ከእኔ ልጀምር። በጉብዝናዬ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ በየቀዬው ስዞር፣ «ይህ የከሳ ገብስ ምን ይሠራላችኋል? ሙሉ ሙሉውን ዝሩ» እያልሁ ስንቱን ዘር ከስንቱ ቤት አስወጥቻለሁ። እሺ ያላችሁኝ እዚሁ ተቀምጣችኋል።

ያ የከሳ ገብስ ምን እንደሚሠራ አሁን ስሙ። በፈረንጆቹ 1970 ተመራማሪው ላርስ ሙንክና ባልደረቦቹ ስዊድን ውስጥ ስቫሎፍ በሚባል ቦታ ያገኙትን ገብስ ይፋ አደረጉ። ከየአገሩ የተሰበሰበውን ገብስ እየፈጩ በቀለም ሲፈትኑ፣ ከእኛ አገር የሄደ አንድ ዘር ከሌላው ተለየ። ሃይፕሮሊ አሉት። ፕሮቲኑም፣ ላይሲን የሚባለውም ንጥረ ነገር በዝቶበት ተገኘ። ላይሲንን ሰውነታችን አይሠራውም፤ ከምግብ ካላገኘው ሕፃን አያድግም። ገብስ ከሁሉ ይልቅ የሚያጥረው ደግሞ እሱ ነው፤ ፍሬው ካከማቸው ፕሮቲን ትልቁ ድርሻ ሆርዴን ነውና፣ ሆርዴን ውስጥ ላይሲን እምብዛም የለም።

ታዲያ ያ ዘር መልኩ ምን ይመስል ነበር? እንደ ሰነፍ ቆሎ ልብስ የሌለው፣ ፍሬውም የተጨማደደ። ሰፌድ የያዘች እናት ብታገኘው ከግርዱ ጋር ለዶሮ ትበትነው ነበር!

ተአምር ተገኘ ብዬ አልዋሻችሁም። ዴንማርክ ውስጥ ሪሶ በሚባል የምርምር ጣቢያ ቦሚ የተባለውን ገብስ ሆን ብለው ለውጠው 1508 የሚሉትን አወጡ። ሆርዴኑ ቀነሰ፣ ላይሲኑ ወደ 40 በመቶ ጨመረ፤ ግን ስታርቹም አብሮ ወረደ፣ ፍሬው ከሳ፣ ምርቱ ቀነሰ። አንዱን ጠቅመው ሌላውን ሳይጎዱ ለማዳቀል ብዙ ደከሙ። ለዚያ ድካም ግን መነሻ የሚሆን ዘር መኖር አለበት።

የሃይፕሮሊ ጂን ደግሞ ድብቅ ነው፤ ከአባትም ከእናትም ካልመጣ አይታይም። ዓይን የማያየውን ነገር በዓይን እየመረጥን ነው የምንጥለው።

አሁን የብቅል ገብስ መኪና በራችን ላይ ቆሟል። ሽጡ፣ ማን ይከለክላል? ነገር ግን ቢራ ጠማቂው የሚፈልገው ፕሮቲኑ ዝቅ ያለውን ነው፤ ማሳችን ሁሉ በእሱ ምርጫ ከተዘራ ልጆቻችን የሚበሉት ምን ሊሆን ነው? ባቄላ ካለ ሽሮው የገብሱን ጉድለት ይሞላል። ባቄላውን የቆርምድ በሽታ በፈጀበት ዓመት ግን ሕፃኑ በገብስ ቂጣ ብቻ ያድራል፤ ይህን ያላየ ከመካከላችን የለም።

«አዲስ አበባ ዘር ባንክ አለ» ትሉኛላችሁ። አለ፤ በፈረንጆቹ ከ1976 ጀምሮ፣ እሰየው። ብርድ ውስጥ የተኛ ዘር ግን የእኛን ውርጭ አያውቅም፣ አዲስ የመጣ በሽታም አይፈትነውም። ደግሞስ ባንኩ ያልደረሰበትን ጓሮ ማን ይጠብቀዋል?

ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ባልቴት ቤት አንድ ጣሳ ሰነፍ ቆሎ አገኘሁ፤ ለበሶ ልትቆላው ምጣድ ጥዳ ነበር። ግማሹን ለምኜ ወሰድሁ። ከእናንተም ቤት በአንዱ ጥግ የቀረ ካለ፣ በልጉ ሳይገባ፣ ምጣዱም ሳይጣድ ላኩብኝ።