ከካሪው በኋላ ሻዩ አንድ ሰዓት ይቆየን



ካሪ ለእኛ የባዕድ ምግብ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በገልፍ አገሮች በሰው ቤት የሠሩ እህቶቻችን ሳሎናውንም ብርያኒውንም አሳምረው ይሠሩታል። እዚህ እንግሊዝ አገር ያለን ደግሞ በረመዳን መስጂድ ስናፈጥር ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን የፓኪስታንና የባንግላዴሽ እህቶቻችን ያበሰሉት ነው። ልጆቻችንም ከሽሮ እኩል ይጠይቁታል። ስለዚህ «ካሪ ለጤና ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለውን ክርክር እንተወው። እኔ ቤቴ ውስጥ ካሪ አበስላለሁ፣ በሥራዬ ደግሞ ነርስ ነኝ። ከሁለቱም የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ድስቱ ውስጥ ካለው ይልቅ አጠገቡ የምናስቀምጠው ሳህንና ከላዩ ላይ የምንጠጣው ነገር ብዙ ለውጥ ያመጣል። በተለይ ለሴት።

መጀመሪያ ስለ ምግቡ። ካሪ ቶሎ የተስማማን ያለምክንያት አይደለም። እርድ፣ ድምብላል፣ ከሙን፣ አብሽ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ይህ ሁሉ እናቶቻችን ጓዳ የነበረ ነው። ቃሪያና በርበሬ እንኳ ለእኛም ለህንዶችም የኋላ እንግዳ ናቸው። ዘራቸው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ወደ ህንድ የደረሱት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፖርቹጋሎች በኩል ነው። ከዚያ በፊት ምግቡን የሚያቃጥሉት በቁንዶ በርበሬና በመሰል ቅመሞች ነበር። «ማሳላ» የሚለው ቃልም ከዐረብኛ የመጣ ነው። እንግሊዞች ስለ ካሪ በምግብ መጽሐፋቸው መጻፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1747 ሲሆን፣ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን የህንድ ምግብ ቤት በ1810 የከፈተው በፓትና ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደው ዲን መሐመድ ነበር።

እንግሊዝ አገር ካሪ ሲባል ቶሎ አብሮ የሚነሳው ቢራ ነው። ለሥራ ባልደረቦች እራት የተጋበዘች ሙስሊም ሴት «ካሪ ያለ ቢራ ምን ይጥማል?» የሚል ሳትሰማ አትቀርም። መልሱ ከሐላልና ሐራም በፊት በሳይንሱ ቀላል ነው። የሚያቃጥለን ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። እሱ የሚሟሟው በቅባት እንጂ በውሃ አይደለም። ቢራ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ለስላሳም ውሃ ነው፤ ውሃም ውሃ ነው። ምላስ ላይ ለአፍታ ያቀዘቅዛሉ፣ ከዚያ ማቃጠሉ ይመለሳል። በወተትና በእርጎ ውስጥ ያለው ኬሲን የተባለ ፕሮቲን ግን ካፕሳይሲኑን ይዞ ከምላስ ላይ ያነሳዋል። እርጎ ጠጪዋ ከቢራ ጠጪው የተሻለ መፍትሔ ይዛለች ማለት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ምግብ ቤት ስትገቡ ግን ባለቤቱ ሙስሊም መሆኑ ብቻ ሥጋው ሐላል ለመሆኑ ማረጋገጫ እንዳይመስላችሁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን የምወዳቸውን ካሪዎች ከነአጃቢያቸው ልንገራችሁ።

ኒሃሪን አስቀድማለሁ። ስሙ «ነሃር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። የዴልሂና የለክነው ሙስሊሞች ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ አብስለው ከፈጅር በኋላ የሚበሉት የጭን ሥጋና የቅልጥም መረቅ ነው። አብሮት የሚቀርበው ናን ነው፤ ከላዩ በቀጭኑ የተከተፈ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ የድምብላል ቅጠልና ሎሚ ይደረግበታል። ሎሚውን ጌጥ ነው ብላችሁ ሳህኑ ዳር አትተዉት፤ ቅባቱን ይቆርጠዋል። ከኒሃሪ ጋር ወፍራም ላሲ አልመክርም፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። ውሃ ከናዕና ጋር ይበቃል።

ቀጥሎ የዶሮ ካራሂ። በቲማቲም፣ በዝንጅብልና በቃሪያ በብረት ምጣድ ቶሎ የሚደርስ ስለሆነ ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው ሁነኛ ምግብ ነው። በበርሚንግሃም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስም ያወጣው ባልቲም የዚሁ ዘመድ ነው፤ በተሠራበት ምጣድ ቀርቦ በናን ይበላል። እዚህ ላይ አስተያየት አለኝ። ናንም ሩዝም አንድ ገበታ ላይ አታቅርቡ። አንዱን ምረጡ። በተለይ ቤት ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ካለ፣ ሁለቱን ደርቦ መብላት የደም ስኳሩን የሚያሽቀነጥር ነው። ከካራሂ ጋር ራይታ ድንቅ ነው። እርጎ፣ የተፈገፈገ ኪያር፣ ናዕና፣ ጥቂት ቆላ ተደርጎ የተወቀጠ ከሙን፤ በቃ።

ለልጆች ኮርማ። በሬው አይደለም! በእርጎና በተፈጨ ለውዝ የሚሠራ ለስላሳ፣ የማያቃጥል ወጥ ነው። የጎረቤት ልጅ ከመጣ ግን የለውዝ አለርጂ እንዳለበት ሳትጠይቁ አታቅርቡ። ኮርማ ራሱ ወፍራም ስለሆነ የሚፈልገው ቀለል ያለ ነገር ነው፦ ነጭ ሩዝ በልኩ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በሎሚ ተደርጎ። ሮቢን ኩክ የተባሉት የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በ2001 የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ነው ያሉት ችክን ቲካ ማሳላም እንዲሁ ነው። ክሬሙ ላይ የለስላሳ ጣሳ ሲጨመርበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር የኮላ ጣሳ 35 ግራም ስኳር አለው፤ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ለልጅ ሻይ ላይ ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር የምትጨምር እናት የለችም።

በገልፍ ያላችሁ እህቶች የኬረላን የዓሣ ካሪ ታውቁታላችሁ፤ በኮኮናት ወተትና በሚጎመዝዝ ፍሬ የሚሠራው። እሱ ናን አይወድም፤ ከነጭ ሩዝ ጋር ነው የሚያምርበት። ለመጠጥ ስኳር ያልበዛበት ተምር ሂንዲ ግሩም ነው።

መጨረሻ ላይ ዳል። የድሃ ምግብ ብላችሁ አትናቁት። ምስር ክካችን ነው፤ በእርድና በከሙን ተቁላልቶ። ዳልን በእንጀራ ብሉት፤ ማንም አይከለክላችሁም። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ በእህሉ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ስለሚቀንስ፣ እንጀራ ለዳል ጥሩ ጓደኛ ነው።

ብረትን ካነሳሁ ዋናው ነገሬ ላይ ደርሻለሁ።

በሥራዬ ደም ማነስ ያለባቸው ሴቶችን ዘወትር አያለሁ። በየወሩ ደም ይፈስሳቸዋል፣ ያረግዛሉ፣ ይወልዳሉ፣ ያጠባሉ። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ከ19 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት በቀን 14.8 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል ይላል፤ ለወንድ 8.7 ይበቃዋል። ድካሙ፣ ማዞሩ፣ ደረጃ ስንወጣ የሚቆራረጠው ትንፋሽ፣ የፀጉር መነቃቀል፣ ይህን ሁሉ «የስደት ኑሮ ነው» ብለን የምናልፈው ስንቶቻችን ነን? የስደት ኑሮ መሆኑ ባይቀርም፣ አንዳንዱ በደም ምርመራ የሚታወቅና የሚታከም ነው።

ብረት በምግብ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። በሥጋና በዓሣ ያለው በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት ይገባል። በምስር፣ በሽምብራና በስፒናች ያለው ግን ስሱ ነው፤ አብሮት በሚበላው ነገር ይወሰናል። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ብርቱካን በቫይታሚን ሲ አማካይነት ያስገቡታል። ሻይና ቡና ደግሞ በውስጣቸው ባሉት እንደ ታኒን ያሉ ንጥረ ነገሮች ይዘው ያስቀሩታል። ሻዩ ላይ ወተት መጨመር ከዚህ አያድንም፤ የገልፉ ከረክም ያው ነው። ከብርያኒ በኋላ የሚጠጣው ባለ ሎሚው ሱለይማኒም ሻይ ነው።

እንግዲህ የማታ ገበታችንን አስቡት። ዳሉ ወይም ስፒናቹ ቀረበ፣ ሎሚ የለም፣ ገበታው ሳይነሳ ሻይ ተቀዳ። ያቺ ሴት በላች፤ ብረቱ ግን የሚገባውን ያህል አልገባላትም። መድኃኒቱ ሻይ መተው አይደለም። ምግብና ሻይ መካከል አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ጉዳቱን በጣም ይቀንሰዋል። ደሟ በቂ ለሆነ ሴት ይህ ትልቅ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ፣ የወር አበባዋ ለሚበዛባት፣ ሥጋ እምብዛም ለማትበላ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። የአይረን ክኒን የምትወስዱ ደግሞ በሻይም በወተትም አትዋጡት፤ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ይመክራል፤ ክኒኑን ገዝታችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ተመርመሩ፣ አዋላጃችሁን ወይም ሐኪማችሁን ጠይቁ።

«እንግዳ በልቶ ሻይ ሳይቀዳለት? ሰው ምን ይላል!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንግዳ ማክበር ኢማናችን ነው፤ አከራክሬ አልወጣም። ነገር ግን እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ እንዴት ነበር? ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ አቦል እስኪቀዳ ድረስ ጨዋታው ይደራል። ሰዓቱን ማንም ሳይቆጥረው ምግቡ ከቡናው ይርቅ ነበር። ያንን መጠበቅ ያሳጠረው ማሽኑና የሻይ ከረጢቱ ነው። እንግዳን አስጠብቆ ማጫወት የቆየ ባህላችን ነው፤ ነውር የሚሆንበት ምክንያት የለም። እኔ ቤት ገበታው ተነስቶ ብርቱካን ወይም ዘይቱን ይቀርባል፣ ዒሻ ይሰገዳል፣ ከሶላት ስንመለስ ሻዩ ከነሄሉ ይጠብቀናል። ቅር ያለው እንግዳ አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ደግሞ ከሻዩም የሚከብድ ነው። ካሪ ስናቀርብ ሥጋው ለማን ይደርሳል? ለባል፣ ለልጆች፣ ለእንግዳ። ያበሰለችው መጨረሻ ላይ ተቀምጣ ሩዙን በመረቅ ትበላለች። ከባሏ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ብረት የሚያስፈልጋት እሷ ሆና ሳለ! ይህን የሚያዝ ሃይማኖት የለንም፤ ልማድ ነው። ባሎቻችንም ብዙዎቹ አያስተውሉትም እንጂ ቢነገራቸው ደስ ይላቸዋል። ስለዚህ ገና ድስቱ ሳይወጣ የራሳችሁን ሥጋ ለይታችሁ አስቀምጡ። ለሴት ልጃችሁም እንደ ወንድሟ አድርሷት። የወር አበባ የጀመረች ልጅ ከወንድሟ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ብረት ያስፈልጋታል።

በዚህ ሳምንት ካሪ ስታበስሉ ሁለት ነገር ብቻ ሞክሩ። ሎሚው ገበታ ላይ ይሁን፣ ሻዩ ከዒሻ በኋላ ይሁን። ድካሙ ለወራት ያልለቀቃችሁ ካላችሁ ደግሞ ለሐኪማችሁ ደውላችሁ የደምና የፈሪቲን ምርመራ ጠይቁ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፣ በገበታችን በረካ ያድርግልን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።