የዛሬው ብር እንዴት ይመረመራል?

በቀድሞው ዘመን የጎንደር ነጋዴ የማሪያ ትሬዛን ጠገራ ብር ሲቀበል ዝም ብሎ ወደ ከረጢቱ አይጥልም ነበር። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጥሮ፣ መልኩ የተፋቀ ወይም ነጠብጣቡ የጎደለ ሆኖ ካገኘው ይመልሰዋል። ይህም የንግድ ሥርዐት ነበርና ማንም አይቀየምበትም።

ዛሬ ብሩ በእጅ የማይዳሰስ ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ፣ ባንኮችም አገልግሎታቸውን በስልክ ካደረጉ ወዲህ፣ ከደባርቅ ገብስና ባቄላ ጭኖ የሚመጣው ነጋዴ ሳይቀር ዋጋውን በስልክ ይቀበላል። ገንዘብ ተሸክሞ መንገድ መሄድን አስቀርቷልና ጥቅሙ ትልቅ ነው። ነገር ግን የብሩ ዓይነት ሲለወጥ የመመርመሩ ልማድ አብሮ አለመምጣቱ የሚያሳስብ ነው።

አታላዩ በስልኩ ላይ የተቀነባበረ ደረሰኝ ያሳያል፤ ወይም ከባንክ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክት ይልካል። ባለሱቁም ገበያተኛ በዝቶበት ዕቃውን ያስረክባል፤ ማታ ሒሳቡን ሲያይ ገንዘቡ የለም። ሌላው «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ የምሥጢር ቍጥር ይጠይቃል። አስመጪውን ደግሞ በኢሜይል ያጠምዱታል፤ የደብዳቤውን ልውውጥ ሰርስሮ ያነበበ ሌባ በሻጩ ስም «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» ብሎ ይጽፍለታል።

መከላከያው ከባድ አይደለም። የራስን ቀሪ ሒሳብ በራስ ስልክ ሳያዩ ዕቃ አለመስጠት፤ የምሥጢር ቍጥርንና በመልእክት የሚመጣውን ማረጋገጫ ለማንም አለመንገር፤ ሻጩ ሒሳቡን ለወጥሁ ሲል አስቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። የቤትን ወይም የሱቅን ዋይፋይ ከፋብሪካ በመጣበት የይለፍ ቃል መተው የመዝገብ ቤትን በር ከፍቶ እንደ ማደር ይቆጠራል። ስለዚህ ቃሉ ረዥም ይሁን፤ እንግዳም በተለየ መስመር ይግባ፤ ሒሳብ የሚያዝበት ኮምፒዩተር የልጆች መጫወቻ አይሁን፤ ፕሮግራሙም በየጊዜው ይታደስ።

አንዳንዶች «ይህ የባንክ ኀላፊነት ነው» ይላሉ። ባንክ በእርግጥ ኀላፊነት አለበት። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሠራር በአንድ ሌሊት ተሰናክሎ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ በወሰዱ ጊዜ፣ ባንኩ በመዝገቡ ተመርቶ አብዛኛውን አስመልሷል። ባለቤቱ ምሥጢሩን በገዛ እጁ የሰጠበት ክፍያ ግን በመዝገብ ላይ የባለቤቱ ትእዛዝ መስሎ ይታያልና ክርክሩ እጅግ ያስቸግራል።

ከሁሉ የሚከፋው የተታለለው ነጋዴ ኀፍረት ይዞት ዝም ማለቱ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ይቀጣል፤ ሆኖም ያልተነገረ ወንጀል ለዳኛ አይደርስም። በአራዳ የተታለለው በዚያው ሰዓት ለባንኩና ለፖሊስ ቢያመለክት፣ ለጎረቤቱም ቢነግር፣ የአዘዞው ባለሱቅ በማግሥቱ ከዚያው ወጥመድ ይድናል። አባቶች በገበያ መካከል የብሩን ነጠብጣብ ሲቆጥሩ አላፈሩም፤ ልጆቻቸውም በደንበኛ ፊት ስልካቸውን ከፍተው ሒሳባቸውን ሲመለከቱ ሊያፍሩ አይገባም።