የኢንተርኔት መሥመር እንደ ውሃና እንደ መብራት

ናጋድ፤ በዚህ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ያስተዋለ ሰው ጅቡቲና ኢትዮጵያ በምን እንደ ተሳሰሩ ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የኤሌክትሪክ ኃይል ከኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ መምጣት ጀመረ። በ2017 ደግሞ ከሐዳጋላ የተሳበው ውሃ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር የኤሌክትሪኩ ባቡር የጅቡቲ ክፍል ተመረቀ። እነዚህ ሦስቱ ከደጋ ወደ ባሕር የሚወርዱ ናቸው። አራተኛው፥ ማለት ኢንተርኔት፥ ከባሕር ወደ ደጋ ይወጣል፤ ኢትዮጵያ ከዓለም ጋር ከምትገናኝባቸው መሥመሮች አንዱ በጅቡቲ በኩል ያልፋልና።

ሦስቱን የሕዝብ አገልግሎት ብለን ስንጠራ አራተኛውን እንደ ተራ የሱቅ ዕቃ መቍጠር ተገቢ አይደለም። የነጋዴው ዲክላራሲዮን፥ የባንኩ ሰነድ፥ የባቡሩ የጭነት ዝርዝር ዛሬ በዚህ መሥመር ይመላለሳል። መሥመሩ ለግማሽ ቀን ቢቋረጥ ዕቃው በወደብ ይቈያል፤ ኪራዩ ግን አይቈይም። ኪሳራውን በመጀመሪያ ነጋዴው፥ በመጨረሻም ሸማቹ ይከፍለዋል። ሥጋቱም የሐሳብ ብቻ አይደለም፤ በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ የተቈረጡት ሲኮም፥ ኢ.አይ.ጂ. እና ኤ.ኤ.ኢ. 1 የተባሉት ገመዶች ሦስቱም ጅቡቲን የሚነኩ ናቸው።

የንግድ መተላለፊያን የያዘ ሰው ግዴታም አለበት የሚለው አሳብ አዲስ አይደለም። በ1877 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ የቺካጎ የእህል ጎተራዎች ባለቤቶች ያለ እነሱ እህሉ ማለፊያ ስለሌለው፥ የኪራይ ጣሪያ በሕግ ሊወሰንባቸው እንደሚችል ፈርዷል። በዚያው አገር ኢንተርኔት በ2015 በሕዝብ አገልግሎት ደንብ ሥር ገባ፤ በ2017 ወጣ፤ በ2024 ተመለሰ፤ በጥር 2025 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። ከዚህ የምንማረው፥ በሕግ በግልጽ ያልተጻፈ ነገር ሹም በተለወጠ ቍጥር አብሮ እንደሚለወጥ ነው።

«የጅቡቲ ቴሌኮም የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ራሱን ለምን ይቈጣጠራል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ባለቤትነትና ቍጥጥር ልዩ ልዩ ናቸው። ሻጩ ራሱ ዳኛ ከሆነ ተበደልሁ የሚል ደንበኛ ወዴት ይሄዳል? ኢትዮጵያ በ2019 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን በአዋጅ ለይታ ያቋቋመችው ስለዚህ ነው፤ በ2022ም ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጐን ሥራ ጀመረ። ጅቡቲም የብዙ ዘርፍ ተቈጣጣሪ ባለሥልጣን አላት። የቀረው መሥሪያ ቤቱ ሥልጣኑን በሥራ ማሳየቱ ነው።

ሌሎች ደግሞ ቍጥጥር ባለ ገንዘቡን ያሸሻል ይላሉ። በዘፈቀደ የሚለዋወጥ ቍጥጥር በእርግጥ ያሸሻል። ወጪውንና ተገቢ ትርፉን አስቀድሞ የሚያረጋግጥለት ደንብ ግን ያረጋጋዋል፤ ነጋዴን ከግብር ይልቅ የሚያስፈራው ያልታወቀ ግብር ነውና።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ታሪፉ በግልጽ ታትሞ ለትልቁ ድርጅትም ለትንሹ ሱቅም በአንድ ዓይነት ደንብ ይሠራበት። ሁለተኛ፥ መሥመር ሲቋረጥ የጥገናው ጊዜ ይወሰን፤ ላልተሰጠ አገልግሎት የተከፈለው ገንዘብም ይመለስ። ሦስተኛ፥ ያለ ሕግና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም መሥመሩን እንዳይዘጋ ይደረግ። በሰኔ 2019 በኢትዮጵያ የብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ሲዘጋ ተፈታኙ ብቻ ሳይሆን ነጋዴውም ባንኩም አብረው ተቀጥተዋል። ኵረጃን ለመከልከል ተብሎ የከተማን ውሃ የሚዘጋ ሹም የለም።

የባሕሩን በር የያዘ ጐረቤት ክብሩ በሩን ከፍቶ በማቈየቱ ነው። ውሃውና መብራቱ ከደጋ በደንብ ይወርዳሉ፤ ከባሕር የሚወጣውም በደንብ ይውጣ።